ለእናትሽ የምትልኪው ቪዲዮ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ቡና ልትጠጪ መጥተሽ ስልክሽን ስታሳዪኝ ያየሁት ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ከብዙ ወር ቁጠባ በኋላ የገዛሽው ያገለገለ አይፎን ስቶሬጁ ሞልቶ ፎቶ አላነሣም ብሏል። ከአሰላ ወዲያ ገጠር ላሉት እናትሽ የላክሽው የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ደግሞ በሦስተኛው ቀንም አልወረደላቸውም። ጥራቱ እንዳይበላሽ ብለሽ በቴሌግራም እንደ ፋይል ነበር የላክሽው። መጠኑን ሳየው 850 ሜጋ ባይት ነው። ይህን እናትሽ በምን ፓኬጅ ያወርዱታል? ቢያወርዱትስ ያቺ ትንሽ ስልካቸው በየት በኩል ትይዘዋለች? በአዳማና በዙሪያዋ ሠርግ ስቀርጽ ያረጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መጠኑን ከመቅረጽሽ በፊት ወስኚ። በቪኤችኤስ ዘመን አንድ ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ ካሴት በገንዘብ ነው፤ ለአንድ ሠርግ ሁለት ይዘን ከወጣን የትኛው ይቀረጽ፣ የትኛው ይለፍ ብለን ሳናስብ ቁልፉን አንነካም። አሁን ግን ስልኩ ዝም ብሎ ስለሚቀበል ሁሉንም እንሰጠዋለን። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ካሜራ የሚለውን ክፈቺ፤ የቪዲዮ ቀረጻ ምርጫዎቹ ከነግምታቸው ተጽፈዋል። አንድ ደቂቃ በ4ኬ፣ በሰከንድ በ60 ፍሬም ሲቀረጽ 400 ሜጋ ባይት ያህል ይፈጃል፤ በ4ኬ በ30 ፍሬም 170፤ በ1080 በ30 ፍሬም 60፤ በ720 ደግሞ 40። ያንቺ 850 የመጣው ከዚህ ነው፤ 170 በአምስት ደቂቃ ሲባዛ። ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ የያዙ ጓደኞችሽም ቁጥሩ ይለያይባቸው እንጂ ያው ደረጃ በካሜራቸው ሴቲንግ ውስጥ አለ። ለእናትሽ ስልክ 720 ይበቃል። 4ኬውን በትልቅ ስክሪን ለሚታይ ነገር አቆዪው።

2. የአቀራረጹን ዓይነትም እይ። እነዚህ ቁጥሮች ኤች265 በሚባለው አሠራር የተሰሉ ናቸው። ይህ አሠራር በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ሲሆን ከእሱ አሥር ዓመት ቀድሞ ከመጣው ኤች264 ጋር ሲነጻጸር ያንኑ ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ይይዛል። ችግሩ አሮጌ ስልክ ላይከፍተው ይችላል። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠቆረ ቪዲዮ ደርሶሽ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ላንቺ ማስቀመጫ ኤች265፣ ለእናትሽ መላኪያ ኤች264 ይሁን።

3. እጅሽን አጽኚ። ይህን ብዙ ሰው ከመጠን ጋር አያገናኘውም። ቪዲዮ የሚጨመቀው በየፍሬሙ ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ ባለመጻፍ ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ አንዴ ተጽፎ ያልፋል፤ የሚጻፈው የፊትሽና የእጅሽ እንቅስቃሴ ብቻ ይሆናል። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ግን ግድግዳውም፣ በሩም፣ ሰማዩም አብሮ ይለወጣል፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጻፋል። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ በ2007 የተመረቀው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻውን 102 ተርባይኖች ያሽከረክርበታል። እንዲህ ባለ ነፋስ ውስጥ፣ የሚወዛወዝ ዛፍና የሚነሣ አቧራ ከጀርባሽ አድርገሽ የቀረጽሽውን ቪዲዮ ብታሳንሽው ፊትሽ ጭምር ይደበዝዛል። መስከረም ማለቂያ ላይ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ለኢሬቻ ስትሄጂም እንዲሁ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ውኃና የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ለመጨመቅ ከባድ ናቸው። እዚያ ላይ ጥራቱን ከፍ አድርገሽ ርዝመቱን አሳጥሪ። ለእናትሽ ስታወሪ ግን ከግድግዳ ፊት ተቀመጪ፤ ስልኩን ኩባያ ላይ አስደግፊው።

4. ቁረጪ። ግማሹን ጊዜ ከቆረጥሽ ግማሹ መጠን ይወርዳል። ለዚህ ሌላ አፕ አያስፈልግም፤ ጋለሪው ራሱ ይቆርጣል።

5. በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ቪዲዮ ላኪ። ላኪ የሚለውን ከመጫንሽ በፊት የጥራት ምልክቱን ንኪ፤ 480፣ 720 እያለ ያስመርጥሻል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋ ባይት ይመዝናል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ነው። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል መቀበሉ አያታልልሽ፤ ያ የቴሌግራም አቅም እንጂ የእናትሽ አይደለም። አገር ቤት ስትሄጂ ደግሞ በስልካቸው ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዲያወርድ የሚያደርገውን ሴቲንግ አጥፊላቸው፤ ከየግሩፑ የሚመጣው ሁሉ ፓኬጃቸውን እየበላ ነው።

6. ዋናውን ሳታስቀምጪ አታጥፊ። ይህን የምነግርሽ ከደረሰብኝ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ስለ አባታችን ሲያወራ በስልኬ ቀርጬው ነበር። ስልኬ ሲሞላ አሳንሼ ላክሁትና ዋናውን አጠፋሁ። ለሙት ዓመቱ በቴሌቪዥን ልናየው ስንከፍተው ድምፁ አለ፤ ዓይኖቹ ግን አይለዩም። አንዴ የተጣለውን የሚመልስ መሣሪያ የለም። የተላከልሽን ቪዲዮ እንደገና ብታሳንሽው ደግሞ በየዙሩ ይበልጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው አሳንሺ። ስልክሽ ሚሞሪ ካርድ ስለማይወስድ በወር አንድ ቀን እኔ ቤት ነይ፤ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን በፍላሽ እናስቀምጥልሻለን። ሁለት ቦታ መኖሩን ካየሽ በኋላ ብቻ ከስልክሽ አጥፊው።

7. በሥራ ቦታሽ ሳታስፈቅጂ አትቅረጪ። መስከረም 2011 በተመረቀው፣ አንቺ በምትሠሪበት የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በየሼዱ የሚሰፋው ልብስ የደንበኛ ዲዛይን ነው፤ አጠገብሽ የምትሰፋዋም ልጅ ፊቷ የራሷ ነው። ሱፐርቫይዘርሽንም እሷንም ጠይቂ። እናትሽ የሚናፍቁት አንቺን እንጂ ማሽኑን አይደለም።

ዛሬ ከፈረቃ ስትወጪ ያንን የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ክፈቺ። ፊትሽ በደንብ የሚታይበትንና "ደኅና ነኝ እማዬ" ያልሽበትን አንድ ደቂቃ ቆርጠሽ በ480 ላኪላቸው። እናትሽ አሁንም እየጠበቁ ነው።