ለመቄት ደጋ የምትሆን ያገለገለች ፒክአፕ

መቄት ውስጥ ፍላቂት ላይ ለሥራ የምትሆን ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው መኪናዋን የሚያያት ብዙውን ጊዜ ሌላ ከተማ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ ቢቀርብ ወልድያ። ሻጩ ሜዳ ላይ ያስነሳታል፣ ሰፈሩን አንዴ ያዞራታል፣ ሞተሯ ጸጥ ያለ ነው፣ ገዢው ደስ ብሎት ቀብድ ይከፍላል። ጉዱ የሚታየው ከወልድያ ወጥቶ የድልብን ዳገት ሲጀምር ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመቄት ደጋ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ሜዳ ላይ ያልታወቀ የራዲያተር ድካም፣ ያልተሰማ የፍሪሲዮን መንሸራተት፣ የፍሬን መጋል፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ስለዚህ «ልቅም ያለች ናት» የሚለውን የደላላ ቃል ወደ ጎን ትቶ፣ ደጋ ላይ ጭነት ተሸክማ ምን ትሆናለች ብሎ መመርመር ይሻላል።

አሮጌ መኪና ለምን እንዲህ እንደተወደደ ማወቅ ለድርድር ይጠቅማል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ዘለለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና ያው ነው፣ ፈላጊው ግን አልቀነሰም፤ ሻጭ ቢኮራ አይፈረድበትም። ገዢው ግን ሃያ ዓመት የሠራች መኪና ላይ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አራግፎ ማፍሰስ የለበትም። ከያዘው ላይ ቢያንስ ከአሥር አንዱን እጅ ለጥገና ያስቀምጥ፤ ያን ያህል የማይተርፈው ከሆነ ዝቅ ያለ ዋጋ ያላትን ይፈልግ።

የትኛዋን? መጀመሪያ የጋቢናውን ነገር እንጨርስ። ደብል ጋቢና ታኮራለች፤ ቤተሰብ ትይዛለች፣ ሠርግ ላይ ታምራለች። ገብስና ድንች፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ፣ በግና የባሕር ዛፍ አጠና ለሚያመላልስ ሰው ግን ሲንግል ጋቢና ትሻለዋለች። ሁለቱም የሚሸከሙት ወደ አንድ ቶን ገደማ ሆኖ ሳለ የሲንግሏ የጭነት ቦታ በጣም ይረዝማል፣ ዋጋዋም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። በእኔ አስተያየት በመኪና ለሚተዳደር ሰው ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም።

ሞተሩ ላይ ግን ምርጫው ከባድ ነው። 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር ያላቸው የድሮ ቶዮታ ሃይሉክሶች ፖምፓቸው መካኒካል ነው፤ ኮምፒዩተር የላቸውም፤ ወልድያ ላይ የሚፈታቸው መካኒክ አይጠፋም። ጉድለታቸው ቱርቦ የሌላቸው መሆኑ ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 ከመቶ ገደማ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ የሚያዩት ለዚህ ነው። ዲ ፎር ዲ የሚባሉት በኋላ የመጡት ሃይሉክሶች፣ ቱርቦ ያላቸው የአይሱዙ ዲማክስና የሚትሱቢሺ ኤል 200 ሞተሮች አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ደጋውን ብዙም አይፈሩትም። ነገር ግን የዲ ፎር ዲ ኢንጀክተሮች ቆሻሻ ነዳጅ አይወዱም። ማደያ ሲደርቅ በጄሪካን የሚሸጥ ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ውኃና አቧራ የገባበትን መጠቀሙ አይቀርም፤ አራት ኢንጀክተር መቀየር ደግሞ የአንድ ወቅት ትርፍ ሊበላ ይችላል። ነዳጁን ከማደያ ብቻ መቅዳት የሚችል፣ ማጣሪያውን በጊዜው የሚቀይር ሰው ባለ ቱርቦዋን ይውሰድ። ይህን ማድረግ የማይችል ዝግተኛዋን ይታገሥ።

ለማየት ሲሄዱ በጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩንም ሞተሩን እንዳያስነሳው አስቀድመው ይንገሩት። ደርሰው ኮፈኑን በእጅዎ ሲነኩት ሞቆ ከጠበቀዎት ከብርድ አነሣሷን እንዳያዩ ተፈልጓል ማለት ነው። ይህ ለእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም። በውርጭ ጠዋት ካንዴሌታው የደከመ ወይም መጭመቂያው የላላ ናፍጣ ሞተር ሞተሪኖው እስኪያቃስት ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ባትሪ በዓመቱ የሚያልቅባቸው መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው ሞተሩ ውስጥ ነው።

ጭሱን ሲያዩ አይቸኩሉ። ደጋ ላይ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ በዳገት ትንሽ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ነዳጁ ከአየሩ ስለበዛበት ነው፤ ብቻውን መኪናዋን አያስጥልም። ሰማያዊ የሚመስል ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ይነግራል፤ ብዙ ጊዜ የፒስተን ባንድ (ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ማቃጠያው እየገባ እንደሆነ ያስጠረጥራል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱት፤ ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ባንዱ አልቋል። በክዳኑ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ዘይት ካዩ ደግሞ ጉርኒሲዮኑ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ እዚያ ላይ ዋጋ መደራደር ትቶ መሄድ ነው።

የራዲያተሩ ክዳን ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም አያየውም። 3,000 ሜትር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ የሞተር ሙቀት ደግሞ በተለመደው ሥራም ከዚያ አያንስም። ደጋ ላይ ውኃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚጠብቀው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን አዲስ አበባ ሜዳ ላይ ችግር ላያሳይ ይችላል፤ ጭነት ይዛ ድልብ ላይ ስትደርስ ግን ታፈላለች፣ ቴስታታውም ይጣመማል። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ከፍተው ይዩት፤ ውኃው ዝገት ከለበሰ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላ ኖሯል።

ከዚያ ወደ ዳገት። ወልድያ ላይ የሚገዙ ከሆነ የመጀመሪያው ልመናዎ ድልብ ድረስ እንዲወጡ ይሁን፤ ሻጩ ከፈቀደ አሸዋም ሆነ እህል ጫን አድርገው። ደሴ ላይ ከሆነ ጦሳ ተራራ ሥር ዳገት አይጠፋም። የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። እየሠራ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲመለሱ ደግሞ ማርሽ ቀንሰው በሞተሩ ጉልበት ይውረዱ፤ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ካንቢዮው ተበልቷል፣ ይህም ሜዳ ላይ ፈጽሞ አይታወቅም። ፍሬኑን ደጋግመው ይሞክሩት፤ ከሞቀ በኋላ ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ፣ ወይም መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ይጻፉት። ፎር ዊሉ ይሠራል ከተባለ ጠጠር መንገድ ላይ አስገብተው አራቱም ጎማ መሳቡን ያረጋግጡ፤ ለዓመታት ያልተነካ ፎር ዊል በክረምት ጭቃ ላይ ሲፈለግ አይገኝም። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ፤ የድሮዎቹ ሃይሉክሶችም የቀደሙት ዲ ፎር ዲዎችም በቺንጋ ነው የሚሠሩት፣ ሲበጠስም ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብለው ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

መካኒኩ የእርስዎ ሰው ይሁን። ደላላው «እኔ አውቀዋለሁ» የሚለው መካኒክ የደላላው ነው።

የሰውነቷ ነገር ፈጥኖ ያልቃል። ላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት ያዙሩ፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ አይዝም። ከሥር ገብተው ሻንሲውን ይዩ፤ ከጋቢናው ጀርባ የተበየደ ወይም የተጣመመ ካለ ከአቅሟ በላይ ተጭናለች ወይም ተገልብጣለች። ባሌስትራ የተጨመረባት ፒክአፕ የጭነት ታሪኳን ራሷ ትናገራለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አይመኑት፤ የፔዳሉ ላስቲክ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር የበለጠ ያወራሉ።

ሰነዱ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ይውሰዱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ ዙሪያ ያለው ብረት ከተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም ከተቀባ ይተዉት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ሲያዛውሩ ይያዛሉ። በእኛ አካባቢ በ2013 እና በ2014 ጦርነት ከድርጅትም ከግለሰብም ብዙ መኪና ተወስዷል፤ የመሥሪያ ቤት መዝገብም ተቃጥሏል። ስለዚህ «ሊብሬው በጦርነቱ ጠፋ፣ ምትክ እናወጣለን» የሚል ሻጭ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ምትኩ ወጥቶ በእጅዎ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ፣ ታርጋው ከወጣበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም የባለቤቱን ስም፣ ዕዳና እገዳ በጽሑፍ ያስጠይቁ። የዕርዳታ ድርጅት ወይም የኢንቨስትመንት መኪና የነበረች ከሆነ ከቀረጥ ነፃ ገብታ ሊሆን ይችላል፤ ቀረጡ ለጉምሩክ ካልተከፈለ እርስዎ ጋ ስትደርስ ትታገዳለች። የተከፈለበትን ሰነድ ይጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ውክልና ነው። መኪና በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ሊብሬው ግን ከሦስት ባለቤት በፊት በነበረው ሰው ስም ይቀራል። ያ ሰው ውክልናውን ከሻረ ወይም ከሞተ ተወካዩ መሸጥ አይችልም፤ ወራሾች መጥተው ሲጠይቁ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። ባለቤቱ ባለ ትዳር ከሆነ መኪናዋ የጋራ ንብረት ልትሆን ስለምትችል ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ሚስቱንም ውሉ ላይ ያስፈርሙ፤ ሻጯ ሴት ብትሆንም ባሏን እንዲሁ። ለንግድ ጭነት የሚያሠሯት ከሆነ ታርጋዋ የግል ኮድ 2 ነው ወይስ የንግድ ኮድ 3 ብለው ይዩ፤ ኮድ መቀየር ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ቦሎና በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀብድ ሲሰጡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚለውን ያስታውሱ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። «መኪናዋ በስሜ እስክትዞር ድረስ ችግር ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ማስገባት ይህን ያለሰልሳል። ታክስ ለመቀነስ ብለው በውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገው እንዲጽፉ ቢጠይቁዎት እሺ አይበሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ማስመለስ የሚችሉት የተጻፈውን ነው። ቀሪውን በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይክፈሉ፤ ወደ መቄት በሚወስደው መንገድ ላይ በኩርቱ ፌስታል ገንዘብ ይዞ መሄድ የማይመከርበት ዘመን ነው። ቁልፉንና ሊብሬውን የሚቀበሉት ውል አዋዋይ ፊት ይሁን።

ፍላቂት ካስገቧት በኋላ ባለው ሳምንት ጭነት ከመጫንዎ በፊት የሞተር፣ የካንቢዮና የዲፈረንሲያል ዘይት፣ የነዳጅና የአየር ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ክዳን ይቀይሩ። የራዲያተሩን ውኃ አፍስሰው ኩላንት ይሙሉ፤ የመቄት ሌሊት ወደ በረዶ ይወርዳልና ኩላንቱ ከመፍላትም ከመርጋትም ያድናል። አሮጌውን የነዳጅ ማጣሪያ ከመጣልዎ በፊት በንጹሕ ጣሳ ላይ ያንጠፍጥፉት፤ ከሥር ውኃ ከተጠራቀመ ሰልቫትዮውም ይወርድና ይታጠብ።