የጃፓን ልጆች የካሩታ ጨዋታ

ጃፓን በእስያ ምሥራቅ በባሕር መካከል ያለች የደሴቶች አገር ናት። ሕዝቧም ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንጆች አቈጣጠር ይቈጥራልና አዲሱን ዓመት የሚያከብረው በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን ገደማ ነው። (በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ወራቱ የብርድ ወራት ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ በቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ጨዋታው ብዙ ዓይነት ነው። ፉኩዋራይ በሚባለው ጨዋታ ዐይኑ በጨርቅ የታሰረ ሰው ባዶ ፊት በተሣለበት ወረቀት ላይ ዐይንን፣ አፍንጫንና አፍን በዳበሳ ያኖራል፤ አፉ በግንባር ላይ ሲውል ቤቱ በሣቅ ይሞላል። ሱጎሮኩ በሚባለው ደግሞ ባለ ስድስት ገጽ ዕጣ እየጣሉ፣ ዛሬ ቶኪዮ ከምትባለው ከኤዶ ከተማ እስከ ኪዮቶ የሚያደርሰውን የጥንት መንገድ በወረቀት ላይ ይጓዛሉ፤ በመንገዱም 53 ማደሪያዎች ተሥለውበታል። እኛ ግን ዛሬ ልንናገርለት የወደድነው ካሩታ የሚባለውን ነው፤ ፊደል ለሚማር ሰው ከእርሱ የሚሻል ጨዋታ አናውቅምና።

ካሩታ የሚለው ስም ከፖርቱጋል ቋንቋ የመጣ ነው። የፖርቱጋል ሰዎች በ1543 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ደረሱ፤ የመጫወቻ ካርታም በዚያው መቶ ዓመት ከእነርሱ ዘንድ ወደ አገሩ ገባ። እኛም በቋንቋችን ካርታ እንላለንና ስሙ ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም። ካርታ ሲባል ሰምቶ ቁማር ነው ብሎ የሚደነግጥ አንባቢ ቢኖር ድንጋጤው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጃፓን ገዥዎችም የቁማሩን ካርታ ብዙ ጊዜ ከልክለዋል። ይህኛው ግን ግጥምና ምሳሌ የተጻፈበት ካርታ ነው።

ካርታ ከመምጣቱ አስቀድሞ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በባሕር ዛጎል ይጫወቱ ነበር። ሁለት ክፍል ያለው ዛጎል አንዱ ግማሽ ከገዛ ባልንጀራው በቀር ከሌላ ግማሽ ጋራ አይገጥምም፤ ስለዚህ ብዙ ዛጎሎችን ለያይተው ያቀላቅሉና እያንዳንዱን ከባልንጀራው ጋራ ያገናኙ ነበር። የካሩታም ሥራ ይኸው ነው፤ ካርታዎቹ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይነበባል፣ ሁለተኛው ይፈለጋል።

ለታናናሾቹ የተሠራው ኢሮሃ ካሩታ ይባላል። ኢ፣ ሮ፣ ሃ ማለት የፊደላቸው የጥንት ተራ ነው፤ እኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደምንል ማለት ነው። በዚያ ተራ 47 ፊደላት አሉ፤ አንድ ቃል ተጨምሮባቸው ካርታው 48 ጥንድ ይሆናል። በአንደኛው ካርታ ላይ ምሳሌ ተጽፎአል፤ በሁለተኛው ላይ የምሳሌው ሥዕልና የመጀመሪያው ፊደል አለ። ትልቁ ሰው ምሳሌውን ሲያነብ ልጆቹ ፊደሉን ፈልገው ይሻማሉ። በኤዶ ካርታ የመጀመሪያው ምሳሌ ስለ ውሻ ነው፤ ውሻም ቢሆን ሲዘዋወር ዱላ ያገኘዋል ይላል። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ማስፈራሪያ ይሰማዋል፤ ሌላው ግን የሚንቀሳቀስ ሰው ያላሰበውን ዕድል ያገኛል ብሎ ይተረጕመዋል። የኪዮቶ ሰዎች ደግሞ በዚያው ፊደል ሌላ ምሳሌ አኑረዋል፤ ከፊታችን ከአንድ ጣት ርቀት ወዲያ ጨለማ ነው ይላል።

ሂራጋና የሚሉት ይህ ፊደል እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ካ አንድ ምልክት ነው፣ ኪም አንድ ምልክት ነው። ነገር ግን የእኛ ካና ኪ በመልክ ወንድማማች ሲሆኑ የእነርሱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ስለዚህ የጃፓን ልጅ እያንዳንዱን ለብቻው ያጠናል።

ከፍ ያሉት ልጆች ወደ መቶው ግጥም ይሻገራሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት ፉጂዋራ ኖ ቴይካ የሚባል ባለ ቅኔ ከ100 ገጣሚዎች አንድ አንድ ግጥም መርጦ ሰበሰበ፤ ከእነርሱም 21ዱ ሴቶች ናቸው። የግጥሙ ልክ በሥርዓቱ 31 ድምፅ ነው፤ በአምስት ስንኝም ይከፈላል። በሚነበበው ካርታ ላይ የገጣሚው ሥዕልና ሙሉው ግጥም አለ፤ በሚፈለገው ካርታ ላይ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ብቻ ተጽፈዋል። ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። ግጥሙን የማያውቅ ልጅ አንባቢው ወደ መጨረሻዎቹ ስንኞች እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል፤ በቃሉ ያጠናው ግን ገና በመጀመሪያው እጁን ይዘረጋል። ሰባቱ ግጥሞች በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ይታወቃሉ፤ ለምሳሌ በሙ የሚጀምር ግጥም አንድ ብቻ ነው። ሌሎች ግን እስከ አምስተኛው ድምፅ ድረስ አንድ ዓይነት ሆነው በስድስተኛው ይለያያሉ፤ የቸኰለም እጅ በዚህ ይሳሳታል።

ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንም ከጨዋታው አይቀርም። ሥዕል ያለባቸውን ካርታዎች በግንባራቸው ደፍተው ይከምሩና በየተራ አንድ አንድ ያነሣሉ፤ መኰንን የወጣለት ካርታውን ለራሱ ይይዛል፤ መነኵሴ የወጣለት በእጁ ያለውን ሁሉ በመካከል ይጥላል፤ ወይዘሮ የወጣችለት የተጣለውን ሁሉ ይወስዳል። መነኵሴው ስለ ምን እንዲህ እንደሚፈራ ሕፃናቱ አይጠይቁም፤ ይሥቃሉ እንጂ።

ብዙ ሰዎች በሆኑ ጊዜ 100ውን ካርታ በምንጣፍ ላይ በትነው በዙሪያው ይቀመጣሉ፤ ወይም በሁለት ወገን ተከፍለው ለየወገኑ 50 ያደርጋሉ። ይህ የወገን ጨዋታ ስሙን ያገኘው ከ1180 እስከ 1185 ዓ.ም. ከተዋጉት ከጌንጂና ከሄይኬ ነገዶች ነው። ያን ያህል ደም የፈሰሰበት ጦርነት ስሙ ለልጆች ጨዋታ መዋሉ ያስገርማል።

ከሁሉ የሚከብደው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚገጥሙበት ነው። በ1904 ዓ.ም. ኩሮይዋ ሩይኮ የተባለ የጋዜጣ ባለቤት በቶኪዮ ውድድር አድርጎ ሕጉን አንድ አደረገ፤ ዛሬም ታላቁ ግጥሚያ በአዲሱ ዓመት ወራት በኦትሱ ከተማ በኦሚ መቅደስ ይደረጋል። ከ100ው ካርታ 50ው ብቻ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱም 25 ይደርሰዋል። ካርታውን በየፊታቸው በሦስት ረድፍ ይደረድራሉ፤ ቦታውንም በልባቸው እንዲያጠኑ 15 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ እርስ በርሳቸው እጅ ይነሣሣሉ። አንባቢውም በመጀመሪያ ከመቶው ውጭ የሆነ አንድ የጥንት ግጥም ያነባል፤ ይህም በድሮ ዘመን ጽሕፈት የሚጀምሩ ሰዎች የሚለማመዱበት ግጥም ነበር።

ከባልንጀራው ወገን ካርታ የወሰደ ሰው ከራሱ ካርታዎች አንዱን ይሰጠዋል፤ በፊቱ ያለውንም አስቀድሞ የጨረሰ አሸናፊ ነው። ነገር ግን የሚነበቡት ከመቶው ሁሉ የተቀላቀሉ ናቸውና የግማሾቹ ካርታ በምንጣፉ ላይ የለም። የሌለው በተነበበ ጊዜ ቸኵሎ ካርታ የነካ ሰው እንደ ጥፋተኛ ይቈጠራል፤ ባልንጀራውም አንድ ካርታ ይጨምርበታል። ስለዚህ ፈጣን እጅ ብቻውን አይረባም፤ እጅ ጆሮን መጠበቅ አለበት።

ሁለት እጆች በአንድ ካርታ ላይ በአንድ ጊዜ የወደቁ እንደ ሆነስ ምን ይደረጋል? ካርታው ተመትቶ እንደ ወፍ በርሮአል፤ ማን እንደ ቀደመ ከሩቅ ሆኖ ያየ የለም። በአብዛኛውም ግጥሚያ ዳኛ አጠገባቸው አይቀመጥም፤ ሁለቱ ራሳቸው ተነጋግረው ይፈርዳሉ። እኩል ከነኩት ካርታው በፊቱ ለነበረው ይሆናል። አንዱ ጥቂት ዘግይቶ እንደ ሆነ ግን ይህን የሚያውቀው የገዛ ጣቱ ነው። አንዳንድ ጊዜ በዚያች በአንዲት ካርታ ጨዋታው ሁሉ ያልቃል፤ «ያንተ ናት» ያለው ሰው ተሸንፎ ይነሣል። ነገራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ እጅ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ አንባቢውም የሚቀጥለውን ግጥም ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል።