ሰሊጥ ሲደርስ ሥራን በተራ ስለ መፈጸም

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአበው ምሳሌ ለእርሻ ሥራ እጅግ የሚስማማ ነው። ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ የጀመረ ሰው ትጉህ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚያጠፋው ጊዜ ሳይታወቀው ከምርቱ ይቀነስበታል። ይህ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው በሰሊጥ አጨዳ ነው።

ከመተማና ከሁመራ ቆላ ጀምሮ ከድንበሩ ማዶ እስከ ገዳሪፍ ሜዳ ድረስ ያለው ምድር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ሲሆን፥ ዋና አዝመራው ማሽላና ሰሊጥ ነው። ማሽላ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ጊዜ በማሳው ቢቆይ ይታገሣል፤ ሰሊጥ ግን አይታገሥም። የሰሊጥ ፍሬ ከታች ወደ ላይ እየበሰለ ይሄዳልና፥ የታችኛው ቆባ በደረቀ ጊዜ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ታጭዶ፥ በነዶ ታስሮ፥ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መቆም አለበት። ያለፈው ቀን አይመለስም፤ የፈሰሰውም ሰሊጥ አይታፈስም።

አንድ ገበሬ ተራርቀው የሚገኙ ሦስት የሰሊጥ ማሳዎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ማሳ በ4 ቀን ይታጨዳል፤ ሠራተኛውን፥ ውሃውንና ስንቁን ከማሳ ወደ ማሳ ለማዛወር የቀን ሩብ ይፈጃል። በተራ ቢያሳጭድ የፊተኛው ማሳ በ4ኛው ቀን፥ ሁለተኛው ከ8 ቀን ከሩብ በኋላ፥ ሦስተኛው ከ12 ቀን ተኩል በኋላ ያልቃል። ሁሉንም ላዳርስ ብሎ በየቀኑ ቢያፈራርቅ ግን 11 ጊዜ መዛወር ግድ ይሆንበታል፤ የፊተኛው ማሳ ከ12 ቀን ከሩብ በኋላ፥ የመጨረሻው ከ15 ቀን ሩብ ጎደል በኋላ ያልቃል። እንግዲህ በማፈራረቅ አንድም ማሳ ቀድሞ አልዳነም፤ ሦስቱም ዘገዩ። የሠራተኛውም ደመወዝ በዚያው ልክ ጨመረ።

የሚጠፋው የመንገድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ አሳብም ከሥራ ወደ ሥራ ሲዛወር ይዘገያል። አርተር ጀርሲልድ የተባሉት የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ባሳተሙት ጥናት፥ ሁለት ዓይነት ስሌት እያፈራረቁ የሚሠሩ ሰዎች አንዱን ብቻ ከሚሠሩት እንደሚዘገዩ አሳይተዋል። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪም በ2009፥ ሥራውን ሳይፈጽም ወደ ሌላ የተሸጋገረ ሰው ከአሳቡ ከፊሉ በፊተኛው ሥራ ላይ እንደሚቀር ገልጠዋል። ሦስት ማሳ የሚቆጣጠር አለቃም የነዶውን ቁጥርና የሠራተኛውን ሒሳብ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ሁለት ሥራ ባንድ ጉዞ መፈጸምና በሁለት ሥራ መካከል መመላለስ አንድ አይደሉም። በገዳሪፍ አገር በገደምበሊያ በ1940ዎቹ አጋማሽ የመኪና እርሻ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ በአገሩ የተለመደው ሰፊ የዲስክ ማረሻ የዘር ሣጥን የተሸከመ ስለ ሆነ፥ አረሙን እየገለበጠ ዘሩንም ይዘራል። ትራክተሩ በማሳው ላይ ሁለት ጊዜ አይመላለስም። ይህ ጊዜን ማትረፍ ነው።

ስለዚህ ገበሬው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፥ የአጨዳው ተራ የሚወሰነው በዘር ወቅት መሆኑን ይወቅ። ሦስቱም ማሳ ባንድ ሰሞን ከተዘራ ባንድ ሰሞን ይደርሳል፤ ዝናሙ በፈቀደ መጠን ጥቂት ቀኖች እያሳለፈ ቢዘራ ግን አዝመራው በተራ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፥ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ማሳዎቹን ዞሮ አይቶ፥ ቀድሞ የደረሰውን ያስቀድም።

ሦስተኛ፥ ሌላው ማሳ መርገፍ ጀምሮ መዛወር ግድ ቢሆን እንኳ፥ የታጨደው ሁሉ ሳይታሰርና ሳይቆም ሠራተኛውን አያንሣ።

በሱዳን በ2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በድንበሩ መመላለስ አስጊ ሆኗልና፥ የተገኘውን የሠራተኛ ጉልበት በመንገድ ላይ ማባከን አይገባም። ሰሊጥ የዓመት ቀለብና የዕዳ መክፈያ ነው፤ የሚያድነውም የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ የማይጀምር ሰው ነው።