ሁለት ካርታ፣ አንድ መራጭ፦ የምርጫ ክልልና የሕዝብ ቁጥር በጉለሌ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጥበትን የምርጫ ክልል፣ የአዲስ አበባውን የጉለሌ ክፍለ ከተማ ምሳሌ አድርጎ ይመረምራል። የሁለቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ውጤት እንደሚያሳየው፣ የከተማዋ 23 መቀመጫዎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲመዘኑ ከሕዝብ ብዛቷ ድርሻ አያንሱም። የውክልናው ችግር ያለው መቀመጫዎቹ በከተማዋ ውስጥ በሚከፋፈሉበት ወሰን ላይ ነው።

ሕጋዊው መሠረት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩ ዕጩዎች መካከል በአብላጫ ድምፅ እንደሚመረጡ ይደነግጋል። የአባላቱ ቁጥር የሕዝብን ብዛት መሠረት የሚያደርግ ሲሆን ከ550 መብለጥ የለበትም፤ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ልዩ ውክልና ለሚያስፈልጋቸው አናሳ ብሔረሰቦች የተመደቡ ናቸው። አንቀጽ 103 ደግሞ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚወስነውም የቆጠራውን ውጤትና የምርጫ ቦርድን ሐሳብ ይዞ ነው። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ እሳቤ የምርጫ ክልል ከቆጠራ ጋር አብሮ የሚታደስ ክፍፍል ነው።

ይህ እሳቤ በኢትዮጵያ ታሪክ አዲስ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም 30,000 ነዋሪ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ እንደራሴ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ይሁንና የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው ያ ሕገ መንግሥት ከተሻረ ከዓመታት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ቀመሩ ነበረ፤ ቆጠራው ግን አልነበረም።

የጉለሌ ሁለት ካርታዎች

አዲስ አበባ ቀድሞ በ28 ወረዳዎች ተከፍላ ትተዳደር ነበር። ለምክር ቤቱ የተመደቡላት 23 የምርጫ ክልሎች የተዘረጉት በዚህ አደረጃጀት ላይ ነው፤ መለያ ቁጥራቸውም ከድሮዎቹ ወረዳዎች የተወረሰ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደገና ስትዋቀር የአስተዳደሩ ካርታ ተለወጠ፤ ቀበሌዎችም በኋላ በወረዳዎች ተተኩ። የምርጫው ካርታ ግን ባለበት ቀጠለ።

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው ጉለሌ ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። በሽሮ ሜዳ ወይም በአዲሱ ገበያ የሚኖር ሰው መታወቂያው ላይ ክፍለ ከተማውና ወረዳው ይጻፋል፤ ግብሩን የሚከፍለውም አቤቱታውን የሚያቀርበውም በዚሁ መዋቅር ነው። ወኪሉን የሚመርጠው ግን የሌላ ዘመን አስተዳደርን ተከትሎ በተሰመረ ክልል ነው። ለተመራማሪም ይህ እንቅፋት ነው። የቆጠራው መረጃ በክፍለ ከተማ፣ የምርጫው ውጤት ደግሞ በምርጫ ክልል ስለሚቀርብ «የጉለሌ ድምፅ» ተብሎ ከጉለሌ የሕዝብ ብዛት ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር የሚችል አኃዝ የለም። ማነጻጸር የሚቻለው እያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ በየትኛው ወረዳ እንደሚገኝ በመለየትና ውጤቱን ከታች ወደ ላይ በመደመር ብቻ ነው።

አኃዞቹ ምን ይላሉ?

በ1987ቱ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ነበር፤ ለአንድ መቀመጫ በአማካይ ወደ 92,000 ሰው ይደርስ ነበር። የአገሪቱ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለ547 መቀመጫዎች ሲካፈል አማካዩ ወደ 98,000 ይጠጋል። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 2,739,551 ሲሆን አማካዩ ወደ 119,000 ከፍ አለ፤ አገር አቀፉ አማካይ ግን ወደ 135,000 ደረሰ። የከተማዋ ሕዝብ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 30 ከመቶ ገደማ ቢያድግም የቀሪው አገር ዕድገት ከዚያ ፈጥኗል። ስለዚህ እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው መረጃ «አዲስ አበባ የመቀመጫ እጥረት አለባት» የሚለው ክርክር አይጸናም።

ሥዕሉ የሚለወጠው ወደ ከተማዋ ውስጥ ሲገባ ነው። በ1999 ዓ.ም. የጉለሌ ሕዝብ 267,624 ነበር፤ በከተማዋ አማካይ ሲሰላ 2.2 መቀመጫ ይሆናል። ልደታ በ201,713 ሕዝብ 1.7፣ ኮልፌ ቀራንዮ በ428,895 ሕዝብ 3.6 መቀመጫ ይደርሳቸዋል። ክፍልፋዮቹ የሚያመለክቱት የክፍለ ከተማን ድንበር ብቻ ተከትሎ እኩል የምርጫ ክልል ማውጣት እንደማይቻል ነው፤ አንዳንድ ክልሎች የግድ ሁለት ክፍለ ከተሞችን መንካት አለባቸው። ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ደግሞ የመሐል ከተማ መልሶ ማልማትና የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብዙ ነዋሪዎችን ወደ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ወስዷል። በሰሜን በእንጦጦ ደን፣ በደቡብ በጥንታዊ ሰፈሮች የታጠረው ጉለሌ ከእነዚህ አዳዲስ ሰፈሮች እኩል የሚሰፋበት ቦታ የለውም።

ወሰን ለምን ውጤት ይለውጣል?

በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት 34 ከመቶ ያገኘ ዕጩ፣ እያንዳንዳቸው 33 ከመቶ ያገኙ ሁለት ተፎካካሪዎችን አሸንፎ መቀመጫውን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። በእንዲህ ያለ የተቀራረበ ፉክክር የጥቂት ሰፈሮች ከአንድ ክልል ወደ ሌላ መዛወር አሸናፊውን ሊለውጥ ይችላል።

በአዲስ አበባ ይህ ተጽዕኖ ጎልቶ ያልታየው ውጤቶቹ በአመዛኙ የአንድ ወገን ስለነበሩ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት 23ቱንም መቀመጫዎች አሸነፈ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 22ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ወሰደ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 22 መቀመጫ ሲያገኝ አንዱን የግል ዕጩ አሸነፈ። ከተማው በሙሉ ወደ አንድ ጎን በሚያጋድልበት ጊዜ የወሰኑ ጉድለት አይታይም፤ ፉክክሩ ሲጠብብ ግን የመጀመሪያው የክርክር ምንጭ እሱ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚደረግ ክለሳ ደግሞ ለተሸናፊው ወገን የማጭበርበሪያ ስልት መስሎ ይታያል።

ማጠቃለያ

በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ የታቀደው ቆጠራ ተላልፎ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ እንደገና አራዝመውታል። በዚህም የ2013ቱ ምርጫ በአሮጌው ክፍፍል ተካሂዷል። ከ550 ጣሪያ በታች የቀሩት ሦስት መቀመጫዎች ብቻ በመሆናቸው፣ ለአንድ ክልል መቀመጫ መጨመር ከሌላው መቀነስን ያስከትላል፤ ይህም ከባድ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የከተማው ውስጥ ክለሳ ግን ይህን ጥያቄ አያስነሳም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1976 የየግዛቶቿን የመቀመጫ ብዛት እንዳይለወጥ ካገደች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ክለሳ የግዛቶቹን ድርሻ ሳትነካ የውስጥ ወሰኖችን ብቻ በ2001ዱ ቆጠራ መሠረት አስተካክላለች። አዲስ አበባም 23 መቀመጫዎቿን እንደያዘች ወሰኖቿን ማደስ ትችላለች። ለዚህ የሚያስፈልጉት አዲስ ቆጠራና ሁለቱን ካርታዎች የሚያገናኝ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የምርጫ ጣቢያዎች መዝገብ ናቸው። መዝገቡ ቆጠራውን ሳይጠብቅ ሊሰናዳ ይችላል፤ የጉለሌ 10 ወረዳዎችም ለሙከራ የሚመጥን ስፋት አላቸው።