«ሲስተር፣ አባባ ይድናል?»

በዚህ መጽሔት ዘወትር የምንወያየው ስለ ኤች.አይ.ቪ. ነው። ዛሬ ግን ላፍቶ ውስጥ ቤት ለቤት ስዘዋወር ያጋጠመኝን መነሻ አድርጌ ስለ ሌላ ሕመም ላጫውታችሁ።

የአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አባት አልጋ ይዘዋል። ክሳታቸውን ያየ ጎረቤት «ያ በሽታ ነው» ብሎ ስላወራ ቤቱን ጠያቂ ርቆታል። (ኤች.አይ.ቪ. ቢሆንስ ሰው ይሸሻል እንዴ?) ሐኪም ያገኘው ግን የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ወደ ጀርባና ዳሌ አጥንታቸው ተዛምቷል። ልጁ ሌሊቱን አባቱን ሲያገላብጥ ስለሚያድር ትምህርቱን አቋርጧል። እስከ በር ሸኝቶኝ፣ «ሲስተር፣ አባባ ይድናል?» አለኝ። ነርስ ባልሆንም ሰፈሩ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። መልስ አጥቼ ሄድኩ። ከሐኪም ጠይቄ ተመልሼ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ካንሰሩ እንዴት አጥንት ውስጥ ገባ?

ከጨጓራ የተነሱ የካንሰር ሕዋሳት በደም ተጉዘው አጥንት ላይ ሲያርፉ ነው። የሚያመው አጥንት ቢሆንም በሽታው ያው የጨጓራ ካንሰር ነው። በመብላትም ሆነ አብሮ በመኖር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ ሕክምና አለው?

እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ማዳን አይቻልም። ይህ ማለት ግን ሕክምና የለውም ማለት አይደለም።

1ኛ. ኬሞቴራፒ፦ አቅም ላለው ሕመምተኛ የበሽታውን መስፋፋት ሊያዘገይ፣ ዕድሜም ሊጨምር ይችላል።

2ኛ. የጨረር ሕክምና፦ የሚያመው አጥንት ላይ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ መሰጠቱ ብቻ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ውጤቱ እስኪታይ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

3ኛ. ሞርፊን፦ ቤተሰቡ «ሱስ ያስይዛል» ብሎ ሽሮፑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ይህን ፈርቶ ሰውን በሥቃይ ማቆየት ትክክል አይደለም። ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠበቅ፣ በሰዓቱ ይሰጣል። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል።

እኛስ ምን እናድርግ?

በካንሰር የተጎዳ አጥንት በቀላሉ ሊሰበር ስለሚችል ሕመምተኛውን በእጁ ጎትተን አናንሳው። እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው ግን ሳናድር፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል እናድርሰው፤ ነርቩ ተጨፍልቆ ሽባ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ላሉ ሕሙማን እቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚደርስ ድርጅት ነው።

ልጁ ሽሮፑን የሚሰጥበትን ሰዓት ደብተሩ ላይ ጻፈ። በሳምንቱ ስሄድ አባትየው ትራስ ተደግፈው ቡና ይጠጣሉ። «ትናንት እኮ ሁለታችንም ተኛን» አለኝ ልጁ። ወደ ክፍሉም ተመለሰ።

አባቱ ከጥቂት ወራት በኋላ አረፉ። አልዳኑም። ግን እየጮኹ አልሞቱም።

ውድ አንባብያን፣ በሰፈራችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ካለ በሽታውን ከመገመት ይልቅ ገብታችሁ ጠይቁት። ሕመሙ ካልታገሠለትም ቤተሰቡ ለሐኪሙ እንዲናገር አበረታቱ። ቸር ሰንብቱ!