ሜዳ ላይ ሌላ፣ ቤት ሌላ

 

እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ የተሮጠውን የ5 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ያየ ሰው አይረሳውም። የእኛው ሙክታር እድሪስ ሞ ፋራህን ባደገበት ከተማ፣ በገዛ ደጋፊዎቹ ፊት ቀደመው። ሰዓቱ 13 ደቂቃ ከ32.79 ሰከንድ ነበር፤ የሁለቱ ልዩነት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሙክታር መስመሩን ሲያልፍ ሁለት እጆቹን አናቱ ላይ አድርጎ የራሱን የፋራህን የደስታ ምልክት አሳየ። ላየው ሰው ፌዝ ይመስላል። በኋላ ሲጠየቅ ግን አዲሱ ሻምፒዮን እሱ መሆኑን ለማሳየት፣ ደግሞም ለፋራህ ካለው አክብሮት የተነሳ እንዳደረገው ተናገረ።

እኛ ብንሆን ማብራሪያውን እስክንሰማ እንጠብቅ ነበር? ስለ አንድ ተጫዋች የምናውቀው 90 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ሳለ «ትዕቢተኛ»፣ «ባለጌ» ብለን ኮሜንት እንጽፋለን። ሱኡ ዘን፣ ማለትም በሰው ላይ ክፉ መጠርጠር፣ ስታዲየም ውስጥም ያው ሱኡ ዘን ነው።

በሌላ በኩል «ሜዳ ላይ ነው፣ ይለፍ» የሚለው ሰበብም ሁሉን አይሸፍንም። ሙሐመድ ዓሊን ውሰዱ። ከሪንግ ውጪ ለሕፃናት የአስማት ጨዋታ እያሳየ የሚያስቅ፣ በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፎቅ ራሱን ሊወረውር የነበረን ሰው አግባብቶ ያወረደ ሰው ነው። ይኸው ሰው ከግጥሚያ በፊት ጆ ፍሬዘርን «ጎሪላ» እያለ ይሰድበው ነበር። የ1975ቱ የማኒላ ፍልሚያ ቡጢ በጊዜው ዳነ፤ ስድቡ ግን ፍሬዘርን ለአሥርት ዓመታት አቃጠለው። ዓሊ ግጥሚያውን ለማስተዋወቅ ያለው እንደነበር ገልጾ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት!

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን ሲቆጣ ነፍሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረውናል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እኛስ? ሜዳ ላይ ዳኛውን ሲሳደብ የዋለው ልጅ እዚህ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ለሽልማት ቢጠራ አንገቱን ደፍቶ፣ በሁለት እጁ ነው የሚቀበለው። ግን አዳራሹም ሰው የሚያይበት መድረክ ነው። እዚያ ጨዋ መሆን ለማንም አይከብድም። ከባዱ የሚመጣው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ሲዳማ ቡናና ሐዋሳ ከተማ ተጫውተው የእናንተ ቡድን ተሸንፎ ቤት ስትገቡ፣ እናታችሁ «እራት ላቅርብ?» ስትል በምን ድምፅ ነው የምትመልሱላት? ታናሽ ወንድማችሁስ ፊታችሁን አይቶ ይጠጋችኋል ወይስ ወደ ጓዳ ይሸሻል?

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች። ውድድርም አልጠሉም። በአንድ ጉዞ ላይ ከእሷ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመው ቀደመቻቸው። ጊዜ አልፎ ሰውነቷ ከከበደ በኋላ፣ በሌላ ጉዞ፣ ሰዎቹን ወደፊት እንዲሄዱ አደረጉና እንደገና ሮጡ። አሁን እሳቸው ቀደሙ። የያኔውን ብድር መመለሳቸውን እየሳቁ ነገሯት።