ሲታጠፍ የሚያንኳኳ የፊት እግር፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መስመር በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የድምፅ ምርመራ ቅደም ተከተል

ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት በኩል አንድ ጊዜ «ኳ» ይላል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ድምፁ የለም። ሹፌሩ ጋራዥ ደርሶ «ፊቱ ያንኳኳል» ይላል፤ ከዚህች አጭር ቃል ተነስቶ አንድ ዕቃ ይቀየራል። ድምፁ ካልጠፋ ሌላ ዕቃ ይቀየራል። ለመመረቂያ ጥናቴ ዝግጅት በሰበታ ጋራዦች በተመላለስኩበት ጊዜ ያየሁት አንድ ሚኒባስ በዚህ መንገድ በመጀመሪያ ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች፣ ቀጥሎም የመሪ ዘንግ ጫፎችን (ቴስቲኒ) ለውጦ ድምፁን ይዞ ተመልሶ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄና ጥያቄው የሚመልስበትን የሙከራ ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ከሚያንኳኩት ክፍሎች መካከል አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የስታቢላይዘር ማያያዣ፣ ለወራት ቢያንኳኩ ከመረበሽ የማያልፍ ጉዳት ያስከትላሉ። ክብደት ተሸካሚው ቦል ጆይንት ግን ከመቀመጫው ከወጣ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝም። ይህ ከሱሉልታ በእንጦጦ ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርድ ተሽከርካሪ ላይ ቢደርስ የሚያስከትለው ነገር ግልጽ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ የሚመስሉ ድምፆችን መለየት የደኅንነት ሥራ ነው።

የመንገዱ ሁኔታ

ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙት ሦስቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ የሚገናኙባቸው መስመሮች አስፋልት ናቸው፤ ሰበታ በዓለም ገና በኩል በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአስኮ በኩል በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። የፊት እግርን የሚፈትነው ግን አስፋልቱ ሳይሆን ከአስፋልቱ መውጣትና መግባቱ ነው። ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ በየጊዜው ከአስፋልቱ ጠርዝ ይወርዳል፤ መሪው እንደተጠመዘዘ አንዱን ጎማ አስቀድሞ መልሶ ይወጣል። በሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይጠብቁታል። በክረምት ደግሞ ጭቃ፣ በተለይም በሱሉልታ ሜዳ የጥቁር አፈር ጭቃ፣ በተቀደደ የጎማ ሽፋን ገብቶ ቅባቱን ወደ መፍጫ ዱቄት ይለውጠዋል።

ድምፁ ከምን ጋር ይሄዳል?

በብዙ መመሪያ መጻሕፍት ላይ «ሲታጠፍ የሚሰማ ድምፅ» ሲባል ቀድሞ የሚጠቀሰው የሲቪ ጆይንት ነው። ይህ ለቶዮታ ቪትዝ ወይም ለአብዛኛው የቅርብ ጊዜ ኮሮላ ተገቢ ግምት ነው፤ ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊት ጎማዎችን ነውና። በመስመሮቻችን የሚበዛው ቶዮታ ሃይኤስ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ኤች100ም ሆነ በ2004 የተተካው ኤች200፣ ከጥቂት ባለ አራት ጎማ ኃይል ዓይነቶች በስተቀር በኋላ ጎማ የሚገፋ ነው። ከፊቱ ሲቪ ጆይንት የለውም። የፊት እግሩም ከላይና ከታች ሁለት ክንድ ያለው፣ በቶርሽን ባር የሚሸከም ነው፤ የቪትዝ ግን ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ የቆሙበት የማክፈርሰን ዓይነት ነው። አይሱዙ ኤንፒአር ደግሞ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ አክስልና ኪንግ ፒን አለው። አንድ ዓይነት ድምፅ በሦስቱ ላይ ሦስት የተለያዩ ምንጮች ሊኖሩት ይችላል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ዕቃ ነው?» ሳይሆን «ድምፁ ከምን ጋር ይሄዳል?» መሆን ይኖርበታል። ከጎማው መዞር ጋር፣ ከመሪው መጠምዘዝ ጋር፣ ከክብደት መዘዋወር ጋር ወይስ ከፍሬን ጋር?

ከጎማው ጋር የሚሄድ ድምፅ ይቆጠራል። 165/70 አር14 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.84 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 2.78 ሜትር ስለሆነ ጎማው በሴኮንድ አንድ ተኩል ጊዜ ገደማ ይዞራል። የሲቪ ጆይንቱ አንድ መስመር ብቻ ከተበላ በሁለት ሴኮንድ ሦስት ጊዜ «ቀጭ» ይላል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁም እጥፍ ይሆናል። ስድስቱም ኳሶች የሚሄዱባቸው መስመሮች ከተበሉ በሴኮንድ እስከ ዘጠኝ ስለሚደርስ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ነዳጅ ሲሰጥ ይበረታል፣ ሲለቀቅ ይቀንሳል። ለዚህ የስልክ መቅጃና የእጅ ሰዓት ይበቃሉ።

ከመሪው ጋር የሚሄደው ተሽከርካሪው ቆሞም ይሰማል። በማክፈርሰን እግር ላይ የላይኛው መቀመጫ ኩሽኔታ ከያዘ፣ መሪው ሲጠመዘዝ ሞላው አብሮ ይጠመዘዝና ድንገት ይለቃል፤ እጅን በጥንቃቄ ሞላው ላይ ያሳረፈ ሰው ዝላዩን ይሰማዋል። ከፍሬን ጋር የሚሄደው የካሊፐር ወይም የፍሬን ሸራ መላላት ነው፤ ፍሬኑ በስሱ ተረግጦ ሲታጠፍ ከጠፋ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

በጣም የሚያሳስተው ከክብደት መዘዋወር ጋር የሚሄደው ነው። አይደጋገምም፤ መታጠፊያው ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሲያበቃ አንድ ጊዜ ይላል። ለአብነት 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተጫነ ሚኒባስ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በ12 ሜትር ራዲየስ ቢታጠፍ የጎን ፍጥንጥነቱ በሴኮንድ ስኩዌር 1.45 ሜትር ገደማ ይሆናል። የክብደት ማዕከሉን ከፍታ 0.85 ሜትር፣ የጎማዎቹን የጎን ርቀት 1.5 ሜትር ብለን ብንወስድ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዘዋወረው ኃይል 2,050 ኒውተን ያህል፣ ማለትም የ210 ኪሎ ግራም ክብደት ነው። ባዶ ሲሆን (1,700 ኪሎ ግራም ብንል) ኃይሉ ከዚህ ከሁለት ሦስተኛው ብዙም አይበልጥም፤ የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሹፌሩ ድምፁን የሚሰማው ተሳፋሪ ሞልቶ ነው፤ መካኒኩ የሚሞክረው ባዶውን ነው። «እኔ ጋ አያንኳኳም» የሚለው የጋራዥ ክርክር አንድ ምንጩ ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ቅደም ተከተሉ

የመጀመሪያው ሙከራ ተሽከርካሪው በጎማው እንደቆመ የሚደረግ ነው። አንድ ሰው መሪውን ከመሃል ግራና ቀኝ በአጭሩ ደጋግሞ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጁ ይዞ ይፈትሻል። በዚህ ረገድ ማንሻ የሌላቸውና በጉድጓድ የሚሠሩ ጋራዦች ያን ያህል አይጎዱም፤ ጉድጓድ ጎማውን መሬት ላይ፣ ክብደቱንም በቦታው ስለሚተው ለዚህ ሙከራ ከማንሻ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ ክፍት ሜዳ ላይ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ በዝግታ ክብ መዞር ይመጣል፤ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ነዳጅ እየሰጡና እየለቀቁ፣ ወደ ኋላም ጭምር። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚሸከመው የቀኝ ጎማ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሙከራው መጀመሪያ በባዶ፣ ከዚያም ሰው ወይም የአሸዋ ጆንያ ተጭኖ ይደገማል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከተገኘ ምንጩ ክብደት ተሸካሚ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

በክሪክ ማንሳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ተሽከርካሪው በሻሲው ተነስቶ እግሩ ሲንጠለጠል የቶርሽን ባሩ ቀሪ ግፊት ያረጀውን ቦል ጆይንት አጣብቆ ሊይዘውና ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ስለሆነም ክሪኩ ቶርሽን ባሩ ወይም ሞላው ከተያያዘበት ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። በማክፈርሰን እግር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የታችኛው ቦል ጆይንት የሞላውን ክብደት ስለማይሸከም ተሽከርካሪው በሻሲው ተነስቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ይፈተሻል። በሁለቱም ሁኔታ ከሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ መተማመን የለበትም፤ የብረት መቆሚያ ያስፈልጋል።

ጎማው ከተነሳ በኋላ በሰዓት አቆጣጠር 3 እና 9 ላይ ተይዞ ሲወዘወዝ የሚታይ ክፍተት በአብዛኛው የመሪ ማያያዣዎች ነው። 12 እና 6 ላይ ከሆነ የቦል ጆይንት ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን ለመለየት ረዳት ፍሬን ይረግጣል፤ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም በአይሱዙ ላይ ኪንግ ፒኑ ይጠረጠራል። የክንዶቹ ጎሚኒዎች ግን በእጅ አይገኙም፤ በረጅም ብረት ማንቀሳቀስ ግድ ይላል።

ከላይ የጠቀስኩት ሚኒባስ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ስድስት ሰዎች ገብተውበት መሪው ሲወዛወዝ ድምፁ ከቀኝ ቦል ጆይንት ተገኘ። ቀድሞ በሻሲው ተነስቶ ሲፈተሽ ምንም አልታየበትም ነበር። የጎማ ሽፋኑ ከኋላ በኩል ተቀዶ ውስጡ ዝጎ ነበር።

በመንገዴ ላይ ያስተዋልኩትን አንድ ነገር ልጨምር። አንጋፋ መካኒኮች ክሪክ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ ሲሉ የጣሊያንኛ ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ ወጣቶቹ ከእንግሊዝኛ መመሪያ የተማሩትን ይላሉ። አንዱ መርምሮ ሌላው ዕቃ ሊገዛ ሲላክ ስሙ መንገድ ላይ ይለወጣል። ከስም ይልቅ አሮጌውን ዕቃ አስይዞ መላክ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። በመንገዶቻችን የሚታየው ባለ አንድ ሞተር ቮልስዋገን አይዲ4 የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ እንደ ሃይኤስ ሁሉ ከፊቱ ሲቪ ጆይንት አይፈለግበትም፤ ክብደቱ ግን ከሁለት ቶን በላይ በመሆኑ በመታጠፊያ ላይ የሚዘዋወረው ኃይል ከቪትዝ እጅግ ይበልጣል። የሞተር ድምፅ ስለሌለውም ቀድሞ በሞተር የሚሸፈነው ትንሽ ኳኳታ ሁሉ ይሰማል። ዕቃ በሌለበትና በሚወደድበት በዚህ ጊዜ ድምፁ ከተሸከርካሪው ጋር ወደ ጋራዥ ሲመጣ፣ ሹፌሩ በስንት ሰው፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ፍሬን ረግጦ ወይስ ሳይረግጥ እንደሰማው በተሽከርካሪው መቀበያ ቅጽ ላይ ቢጻፍ፣ ከጥገና በኋላም ያው ክብ በያው ጭነትና ፍጥነት ቢደገም ምርመራው ሊመሳከር የሚችል ማስረጃ ይኖረዋል።